ሙሴ ኢልግና ትንሿ ባቡር

በአገራችን የምድር ባቡር ነገር በተነሣ ቍጥር የሁላችንም ዐሳብ ወደ ለገሃርና ወደ ድሬዳዋ ይሮጣል። ስለ ፉርጎው ርዝመት፥ ስለ ፉጨቱ፥ ስለ ሦስተኛ ማዕርግ መቀመጫው ይወራል። ነገር ግን ስለ ባቡር ጥቅም ከንጉሥ ፊት የቀረበው የመጀመሪያው ማስረጃ ሰው የሚጭን ባቡር ሳይሆን ወለል ላይ የሚዘረጋ ትንሽ የባቡር ሞዴል እንደ ነበረ ይተረካል። ሞዴሉን ያቀረበው ሰው አልፍሬድ ኢልግ ይባላል፤ አባቶቻችን ሙሴ ኢልግ ይሉት ነበር። የዚህን ሰው ታሪክ ለጓደኞቼ ላካፍል የፈለግሁት ትልቁን ሐዲድ ብዙ ሰዎች ስለ ጻፉበት፥ ትንሿን ባቡርና የኋላ ኋላ ያስከተለችውን ጣጣ ግን ጥቂት ሰው ስለሚያስታውሳት ነው። ዓመቶቹ፥ ለይቼ ካልጠቀስሁ በቀር፥ በእኛ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኢልግ መጋቢት 22 ቀን 1846 ዓ.ም. በስዊስ አገር፥ ፍራውንፌልድ በምትባል ከተማ ተወለደ። ከሀብታም ቤት የወጣ አልነበረም። በመጀመሪያ የእጅ ሥራ ተማረ፤ ከዚያም ወደ ዙሪክ ሄዶ በታወቀው ፖሊቴክኒክ ምሕንድስና አጠና። ይህ ቅደም ተከተል ልብ ሊባል ይገባዋል። መዶሻ ከያዘ በኋላ መጽሐፍ የያዘ ሰው ነበርና፥ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ በሥዕል ብቻ የሚያስረዳ ሳይሆን ሠርቶ የሚያሳይ ሆኖ መጣ። የምሕንድስና ፋኩልቲ ወንድሞቻችን ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ቢያነቡት አንቀየማቸውም።

በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ በኤደን በነበረ የስዊስ ንግድ ቤት አማካይነት አንድ መሐንዲስ እንዲላክላቸው ጠየቁ። ኢልግ ገና የ24 ዓመት ወጣት ሳለ፥ ማለት ዛሬ ከእኛ ብዙዎቹ ዲግሪ ይዘን ሥራ ስንፈልግ በምንዞርበት ዕድሜ፥ ጥሪውን ተቀበለ። ሲመርማንና አፐንሴለር ከሚባሉ ሁለት የእጅ ባለሙያዎች ጋር በ1870 ዓ.ም. ተነሣ። ዘይላ ላይ ብዙ ጊዜ ተጕላልተው፥ የአፋርን በረሓ በግመል አቋርጠው በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ገቡ።

ንጉሡ በመጀመሪያ ያዘዙት ድልድይ ወይም ፋብሪካ አልነበረም። ጫማ ነበር ይባላል። ዙሪክ ድረስ ተልኮ የመጣ መሐንዲስ ጫማ ስፋ ሲባል ምን እንደ ተሰማው መገመት አያዳግትም፤ ቢሆንም ሰፋ። ቀጥሎ ጠመንጃ እንዲሠራ ታዘዘ። ከውጭ ቢገዛ ርካሽና የተሻለ እንደሚሆን ቢያስረዳም ንጉሡ አልተቀበሉትም፤ ብዙ ደክሞ አንድ ጠመንጃ ሠርቶ አቀረበ። ይህን ታሪክ የሚተርኩ አንዳንድ ፈረንጆች ለማሣቂያ ያደርጉታል። እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። ከውጭ የመጣ ሰው ሁሉ ዐዋቂ ነኝ በሚልበት ዘመን ምኒልክ ሰውየውን ፈተኑት፤ ፈተናው ደግሞ ከእኛ የሴሚስተር ፈተና ይልቅ ሐቀኛ ነበር፤ በወረቀት ሳይሆን በእጅ የሚዳሰስ ነገር ነውና።

ኢልግም ከዚህ አንድ ነገር ተማረ፤ ንጉሡ የሚያምኑት ያዩትንና የነኩትን ነው። ጫማና ጠመንጃ ግን በአንድ ሰው ጉልበት ተሠርተው ያልቃሉ። ባቡር እንዲህ አይደለም። ሐዲድ ከባሕር ጠረፍ እስከ ሸዋ ሳይዘረጋ ባቡርን በሥራ ማሳየት አይቻልም፤ በሥራ ሳያዩት ደግሞ ሐዲዱን ለማዘርጋት የሚፈቅድ ንጉሥ ማግኘት ያስቸግራል። ከዚህ አጣብቂኝ የሚያወጣው ትንሽ ሞዴል ብቻ ነበር። ሞዴሉ ተገጣጥሞ፥ ሐዲዱ ተዘርግቶ፥ በንጉሡ ፊት ታየ ይባላል። በቅሎ እንኳ ሸክሟ ሲከብድ በምትለግምበት አገር፥ አንዲት ትንሽ ብረት በሁለት ቀጫጭን ብረቶች ላይ ሌሎቹን አስከትላ ስትሄድ ማየት ከብዙ ቃል ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንባቢ ቢፈቅድልኝ ከታሪኩ ትንሽ ወጣ ልበል። ትንሿ ባቡር በውጭ አገር ዛሬም የብዙ ሽማግሌዎችና ወጣቶች የትርፍ ጊዜ ደስታ ናት። ለእኛስ? መርካቶን የዞረ ተማሪ የሚያገኘው በባትሪ የሚሽከረከር፥ ክብ የፕላስቲክ ሐዲድ ያለው የልጆች መጫወቻ ነው። በልክ የተሠራ ሞዴል የሚፈልግ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ተስፋ ማድረግ አለበት። የእኛን የቀድሞ ባቡር በሞዴል ለመሥራት ለሚመኝ ሰው ነገሩ የጠበበ ይመስላል እንጂ ፈጽሞ የተዘጋ አይደለም። ምክንያቱም የሐዲዳችን ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ የኢልግ ትውልድ አገር የተራራ ባቡርም፥ ሬቲሽ ባን የሚባለው፥ ስፋቱ ያው 1 ሜትር ነው። ቤሞ የሚባል የጀርመን ፋብሪካ የዚህን ባቡር ሞዴሎች በአንድ ለ87 ልክ፥ በ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ይሠራል። ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ኤል ጂ ቢ በሚል ስም በአንድ ለ22.5 ልክ የተሠሩ ትላልቅ ሞዴሎች አሉ፤ ሐዲዳቸው 45 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ በልኩ ሲባዛ 1 ሜትር ያህል ይመጣል።

ለጀማሪ የምትመረጠው የረጅም መንገድ ሎኮሞቲቭ አይደለችም። በጣቢያ ግቢ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እያለች ፉርጎዎችን የምትለያይና የምታቀናጅ፥ አንድ ልበላትና የግቢ ሎኮሞቲቭ፥ እሷ ናት የምትበጀው። አጭር ናት፤ ጠባብ ጥምዝ ላይ ትዞራለች፤ ሁለት ሦስት ፉርጎና ሁለት መቀየሪያ ሐዲድ ካላት የዶርም ጠረጴዛ ይበቃታል። ችግሯ ጎማዋ ጥቂት መሆኑ ነው። ኤሌክትሪኩን ከሐዲዱ የምትቀበለው በጎማዋ ስለ ሆነ፥ ሐዲዱ አቧራ ከያዘ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ የአዲስ አበባ አቧራ ደግሞ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም። አንድ ብልሃት ግን አለ። ቲቲ የሚባለው የአንድ ለ120 ሞዴል ሐዲዱ እንዲሁ 12 ሚሊ ሜትር ነው። የቲቲን የግቢ ሎኮሞቲቭ ገዝቶ ላይኛውን አካል አውልቆ፥ ሞተሩንና ጎማውን አስቀርቶ፥ በላዩ ላይ ከቆርቆሮ ወይም ከካርቶን በአንድ ለ87 ልክ የድሬዳዋን አሮጌ ሎኮሞቲቭ አካል መሥራት ይቻላል። በሽቦና በቆርቆሮ መኪና ሠርቶ ያደገ የጉለሌ ልጅ ይህ ያቅተዋል ብሎ የሚጠራጠር ካለ ሰፈራችንን አያውቅም።

ደግሞም ሒሳቡን አስቡት። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የነበረው መንገድ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በአንድ ለ87 ቢሠራ 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህች ሞዴል ከእንጦጦ ማርያም ተነሥታ በቀጥታ ብትዘረጋ ለገሃር ደርሳ ትተርፋለች። ከባሕር ጠረፍ እስከ አዲስ አበባ ያለው ዳገትም፥ 2,300 ሜትር የሚያልፈው፥ ወደ 27 ሜትር ያህል ይወርዳል። ሞዴል ርቀትንና ዳገትን እንዲህ ያሳንሳል። ሊያሳንሳቸው የማይችል ሌሎች ነገሮች እንዳሉ ግን ወደ ኢልግ ስንመለስ እናያለን።

ሞዴሉ ቢታይም ጉዳዩ ፈጥኖ አልሄደም። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ በላያቸው ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ ነበሩ፤ የባሕሩንም በር የያዙት ባዕዳን ነበሩ። ኢልግ ይህን ሁሉ ጊዜ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። አማርኛ ተማረ፤ መናገር ብቻ ሳይሆን መጻፍም ቻለ። በ1870ዎቹ ዓመታት በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ፤ ግንዱን ከሩቅ በትከሻ እየተሸከሙ ያመጡት ስማቸው ያልተጻፈ የአገራችን ሰዎች ናቸው። ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ወደ አዲስ አበባ ከወረደ በኋላም፥ በ1886 ዓ.ም. ገደማ፥ ከእንጦጦ ግርጌ ውሃ በቧንቧ ወርዶ እንደ ገና ሽቅብ ወደ ግቢው ኮረብታ እንዲወጣ አደረገ። ውሃ ወደ ላይ መሄዱ ብዙ ሰው አስደነቀ። እኛ የእንጦጦ ጎረቤቶች ዛሬ ቧንቧ ከፍተን የነፋስ ፉጨት ብቻ ስንሰማ አድናቆቱ ይገባናል።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችም ከዚህ ሰው ታሪክ ድርሻችሁ አለ። ቅኔውን ትቶ ሐረር ላይ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ከኢልግ ጋር በ1880ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ደብዳቤ ተጻጽፏል። ዕቃ እየላከ በሸዋ እንዲሸጥለት ይጠይቀው ነበር። አንድ ጊዜም በቅሎና ሁለት ባሮች እንዲያገኝለት ጻፈለት፤ ኢልግ ግን ባሮቹን በሚመለከት እንደዚህ ያለ ነገር እንደማያደርግ መለሰለት። ከሁለቱ የዓለም ዝና ያገኘው ራምቦ ነው፤ በዚህች ጉዳይ ግን እኔ ከመሐንዲሱ ጋር ነኝ።

ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ፤ የባቡሩም ጉዳይ ነፍስ ዘራ። መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ለኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ተሰጠው። መንገዱ በሦስት ክፍል የተከፈለ ነበር፤ የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፥ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፥ ሦስተኛው ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። ዘመኑም 99 ዓመት ነው። ውሉ እንጦጦ ማለቱን አስተውሉልኝ። ቃል በቃል ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ ሐዲዱ አሁን ለገሃር ከምንለው ሜዳ አልፎ ሌላ ከ700 ሜትር ያላነሰ ዳገት እየቧጠጠ ይወጣ ነበር፤ ጉለሌም ጣቢያ አይቀርባትም ነበር። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ትንሽ ቅናት ይይዘኛል።

ኢልግ ሙሴ ሸፍኔ ከሚባለው ፈረንሳዊ ነጋዴ ጋር ሆኖ ኩባንያውን በፓሪስ አቋቋመ። ዓመቱ 1888 ነበር፤ ያው የዐድዋ ዓመት። ከድሉ በኋላ የአውሮፓ መልክተኞች ወደ አዲስ አበባ ጎረፉ፤ ኢልግም በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪ ተብሎ ተሾመ፥ ክቡር ተባለ። በውጭ ጉዳይ ንግግሮች ላይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን ተቀመጠ። የሐዲዱም ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ በኩል ተጀመረ።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ትንሿ ባቡር ወለል ላይ ስትዘረጋ ያላሳየችው ብዙ ነገር ነበር። የኢሳና የአፋር በረሓ ሙቀት አልነበረባትም፤ ውሃ ማጣት አልነበረባትም፤ መሬታቸው በሐዲድ የተሰነጠቀባቸው ሰዎች ቍጣም አልነበረባትም። ከሁሉ በላይ አክሲዮን የሚባል ነገር አልነበረባትም። ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት። የእንግሊዝ ባለ ገንዘቦች አክሲዮን እየገዙ ገቡ፤ ፈረንሳዮች ይህን ሲያዩ መንገዱ ከእጃችን ሊወጣ ነው ብለው ደነገጡ። በጥር 1894 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት ከኩባንያው ጋር ተዋዋለ፤ በዓመት 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊሰጠው፥ በምትኩም በኩባንያው ላይ ሥልጣን ሊኖረው። የመንገዱ ፈቃድ ሰጪ የሆኑት ንጉሠ ነገሥት በዚህ ውል ውስጥ የሉም።

ዐፄ ምኒልክ ይህን በሰሙ ጊዜ ተቈጡ፤ ሊቈጡም ይገባቸው ነበር። የፈቀዱት ለአንድ ኩባንያ ነው እንጂ ለአንድ የውጭ መንግሥት አልነበረም። ሐዲዱ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐረርን ወደ ተራራው ትቷት በሜዳው ላይ ቆመ፤ የቆመበትም ቦታ ድሬዳዋ የምትባለውን ከተማ ወለደ። ንጉሠ ነገሥቱ በምረቃው ላይ አልተገኙም። ከዚያም አልፎ መንገዱ ወደ መሐል አገር እንዳይቀጥል ከለከሉ። ሎኮሞቲቮቹ ከድሬዳዋ ወዲህ የሚሄዱበት አጥተው ለዓመታት ወደ ጅቡቲ ብቻ ተመላለሱ።

የኢልግን ቦታ እንመልከት። አንድ ሰው የባቡሩ ፈቃድ ተቀባይ፥ ደግሞ የፈቃድ ሰጪው አማካሪ ነበር። ሻጭና የገዢ አማካሪ በአንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ ማለት ነው። እኔ ኢልግ ኢትዮጵያን ሊጎዳ ፈለገ አልልም፤ ያሳለፋቸው 28 ዓመታት ይህን አያሰኙም። ነገር ግን ሁለት ጌታ ሊያገለግል በሞከረበት በዚህ ጉዳይ ንጉሠ ነገሥቱም፥ ፈረንሳዮቹም፥ እንግሊዞቹም በየፊናቸው በጥርጣሬ ቢያዩት የሚያስደንቅ አይሆንም። በመካኒክ ሥራ ግጭትን በቅባት ማለስለስ ይቻላል፤ እንዲህ ላለው ግጭት የሚሆን ቅባት ግን ፖሊቴክኒኩ አላስተማረውም።

በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ ስለ ኢትዮጵያ ያለ ኢትዮጵያ ተዋዋሉ፤ በውሉም ውስጥ ባቡሩን እስከ አዲስ አበባ መሥራት የፈረንሳይ ድርሻ ሆኖ ተቈጠረ። በዚያው ዓመት የኢልግ ኩባንያ ከሰረ፤ እሱም ሥራውን ለቀቀ። በ1887 ዓ.ም. ያገባት ባለቤቱ ፋኒ ጋቲከር አዲስ አበባ አብራው ኖራለች፤ ቤተሰቡ ወደ ዙሪክ ተመለሰ። በጥር 1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ለሌሎች ተሰጠ፤ የፍራንኮ ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያም ተቋቁሞ ሥራው ከድሬዳዋ ወደ አዋሽ ቀጠለ። አዋሽ ላይ ኢልግ በግንድ ድልድይ የሠራበት ወንዝ ያን ጊዜ በብረት ድልድይ ታለፈ።

የታሪኩ መጨረሻ አጭር ነው። ዐፄ ምኒልክ ለዓመታት ታመው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ በአዲስ አበባ የባቡር ፉጨት አልሰሙም። ኢልግም በዙሪክ ታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ዓ.ም. ሞተ። ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነበርና ያች ቀን በእኛ ዘንድ የገና ዕለት ናት። ሐዲዱ አዲስ አበባ ሊገባ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቀርቶት ነበር።

በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ ገባ። ዛሬ የምናየው የለገሃር የድንጋይ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። የ1 ሜትሩ ሐዲድ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አገልግሎ ወደ አዲስ አበባ መምጣቱን አቆመ፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ1,435 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ይሄዳል፥ ለገሃርም አይደርስም። የኢልግን የአማርኛ ወረቀቶች ፕሮፌሰር ባይሩ ታፍላ በ2000 እ.ኤ.አ. አሳትመዋቸዋል። ያነሣቸውም ፎቶግራፎች በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ተቀምጠዋል፤ የድሮውን ባቡር በቆርቆሮ ልሥራ የሚል ጓደኛ ቢኖር የዚያን ዘመን መልክ ከእነዚያ ሥዕሎች መጀመር ይችላል።